ዝምተኛው ቀለበት

በደርግ ጊዜ አዋሳ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ያኔ ፀጉርም ትዕቢትም ነበረኝ። ከአንድ ወፍራም የሩሲያ መጽሐፍ ያነበብኩት ነገር እረፍት ነሳኝ። በእንጨት ቀለበት ላይ ሽቦ ጥቅጥቅ አድርገህ ጠምጥመህ ኤሌክትሪክ ብትለቅበት፣ የማግኔት ኃይሉ እዚያው ውስጡ ይዞራል እንጂ ውጪ አይወጣም። አጠገቡ ኮምፓስ ብታስቀምጥ መርፌዋ ንቅንቅ አትልም። ኃይሉ አለ፤ መኖሩን ማሳየት ግን መከራ ነው።

ይህንኑ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ላቀርብ ተነሳሁ። የላቦራቶሪያችን ዕቃ ጠባቂ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴትዮ፣ ሳቁብኝ። ሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ያሳያል፣ አንተ የማይንቀሳቀስ ይዘህ ልትወጣ ነው አሉኝ። እንዲያም ሆኖ ከተቃጠለ ሞተር ሽቦ ፈተው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ያቺ መርፌ ደግሞ ከቀለበቱ በቀር ለሁሉም ትዞራለች፤ ለመቀሱ፣ ለቁልፉ፣ ለጠረጴዛው ምስማር ሳይቀር። ምስማሮቹን እያጉረመረሙ የነቀሉልኝም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ወደ ጠረፍ ከሚዛወሩት መምህራን ዝርዝር ውስጥ ስሜ አለ፤ ባለቤቴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ዝርዝሩን በእጁ የያዘው ካድሬ ኤግዚቢሽኑን ሊጎበኝ መጣ።

ባትሪውን አገናኘሁ። መርፌዋ ዝም። ደስ ብሎኝ ማስረዳት ጀመርኩ። ካድሬው ግን የቀለድኩበት መስሎት ፊቱን አኮሳተረ። በደንብ ሊያይ ጠጋ ብሎ ጎንበስ ሲል፣ መርፌዋ ወገቡ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ዞረች። ወደ ግራ ሲሄድ ተከተለችው፣ ወደ ቀኝም ሲመለስ ተከተለችው።

«ይሠራል እኮ» አለ ፊቱ በርቶ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ሽጉጡ ነው፣ ጓድ፣ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆመው ያዩኛል።

«አመሰግናለሁ፣ ጓድ» አልኩ።

ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ፣ ልጄም አዋሳ ተወለደ። ሴትዮዋ አጥሚት ይዘው አራስ ሊጠይቁ መጡ። ስለዚያ ቀን ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ልጁ ጩኸቱን ሲያቀልጠው ከባለቤቴ ተቀብለው አቀፉት።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉት፣ እኔን እያዩ። «አንተ እንኳ እንደ አባትህ ቀለበት አይደለህም። የውስጥህን ውጪ ታሰማለህ።»

ሲሄዱ ባለቤቴ፣ ምን ማለታቸው ነው አለችኝ።

«አጥሚትሽ እንዳይቀዘቅዝ» አልኳት።