የአባቴ እግር ልክ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዳዊት የአናጺ ሜትር ይዞ መኝታ ቤቴ ገባ። በቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ጉልበቴ ከተሰበረ ወዲህ እግሬ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በጀሶ ታስሯል። እግር ማሳረፊያው ወደ ላይ ከፍ የሚል ዊልቸር ካላገኘሁ መቀመጥ አልችልም።

«እማዬ፣ ልክሽን ካልወሰድኩ ዊልቸር ሻጩ አይሸጥልኝም። ዝም ብለሽ ተኚ፤ አሁን እጨርሳለሁ» አለኝ።

«ተኝቼ አይሆንም። ደግፈህ አስቀምጠኝና ለካኝ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«መጀመሪያ ቁርስህን ብላ።»

«ተኝቶ ለመለካትም ንስሐ አባት ይጠየቅ እንዴ?» ብሎ እየሳቀ ወጣ። ሜትሩን አልጋው ጫፍ ላይ ትቶት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ተኝቼ ሜትሩን እያየሁ አባቴን አስታወስኩ።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የማንኪራ ገጠር ልጅ ነኝ፤ ለትምህርት ብዬ ቦንጋ ከአክስቴ ከአልማዝ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ንብ አናቢ ነበር። እኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጃጅም ዛፍ ላይ ነው። ሰውም በገመድ ይወጣል፤ ቀፎውም በገመድ ይጎተታል። በክረምቱ መግቢያ አባቴ ከዛፍ ወደቀ። ጎረቤቶቹ በጭቃው መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው አደረሱት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሱ ተረፈች። ግራ እግሩ ግን ከጭኑ ጀምሮ በጀሶ ታሰረና አክስቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ተኛ። ገመዱ አብሮት መጥቶ ነበር። ሰምና ጭስ ይሸታል፤ ቤቱ በሙሉ ያን ይሸት ነበር።

በጀርባው መተኛት በዛበትና ሳል ያዘው። ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው እንደ ፉጨት የሚቀጥን ሳል ነበር። አክስቴ ማር በሞቀ ውኃ በጥብጣ ትሰጠዋለች፤ ቆጮውን ግን ቆርሶ ይተወዋል። ሊያየው የመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደጅ አስወጥቶኝ እንዲህ አለኝ፦

«እኔን የሚያሳስበኝ እግሩ አይደለም፣ ሳንባው ነው። መቀመጥ አለበት። እንዲህ እንደተኛ ከከረመ አናተርፈውም።»

«ስናስቀምጠው እግሩ ያብጣልኮ። ጣቶቹ ይጠቁራሉ።»

«ስለሚንጠለጠል ነው። እግር ማሳረፊያው ከፍ የሚል ዊልቸር ያስፈልገዋል። አንድ የእርዳታ መጋዘን የተለገሱ ዊልቸሮች አምጥቷል፤ ነገ ከነገ ወዲያ የቀረውን ጭነው ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። የዳሌውን ስፋት፣ ከመቀመጫው እስከ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ለክተሽ ሂጂ። ልኩ ካልሆነ ከሚረዳው የሚጎዳው ይበልጣል።»

ቤት ውስጥ ሜትር አልነበረም። የአባቴን ገመድ አወረድኩና ብርድ ልብሱን ገልጬ ጎኑ ላይ ዘረጋሁት። በየልኩ ቋጠሮ ቋጠርኩ። ሦስተኛውን ስቋጥር አክስቴ የጎመን ሳህን ይዛ ገባች። ሳህኑን መሬት አስቀመጠችው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለወንበሩ ልኩን እየወሰድኩ።»

«ተኝቶ? በገመድ? የእድር ሰዎች መቃብር ሊቆፍሩ የሚለኩት እንዲህ አይደለም እንዴ? በሕይወት ያለ ሰው ቤት!»

አባቴ በሳሉ መሃል ሳቀ። «ተያት አልማዝ። ካልቀረስ እግሬ አካባቢ ሰፋ ያድርጉት በያቸው፤ ጀሶው አይገባም።»

«ጋሼ፣ በእንዲህ ያለ ነገር አይቀለድም!»

ገመዱን ከእጄ ነጥቃ ወጣች። ጠበል ረጨችበትና ዝናብ እንዲያጥበው ከነቋጠሮው አጥሩ ላይ ሰቀለችው። በሌላ ነገርም ዳግመኛ እንዳልለካው አስማለችኝ። ጠዋት ገመዱን አንሥቼ ወደ መጋዘኑ እሄዳለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ገመዱ የለም። ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ የአጥራችን ሌላው ጫፍ አይታይም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ለቅሶ ሰማን። ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌ ሌሊት አርፈዋል። ደህና የነበሩ ሰው ናቸው፤ ከትናንት በስቲያ አባቴን ጠይቀው፣ አጠገቡ ተቀምጠው ሲያወጉ ነበር።

ቀብር ሄድን። ጸሎቱ አልቆ ወደ ጉድጓዱ ስንጠጋ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ገመድ ሲጠቀልል አየሁ። ሦስት ቋጠሮ። አክስቴም አየችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

ቀስ ብዬ ሰውየውን ጠየቅኩት፤ «ገመዱ የኛ ነው። ይመልሱልናል?»

«አጥር ላይ አግኝቼው ነው፣ ይቅርታ እህቴ። አሁን ግን አይመለስም፤ መቃብር የለካ ገመድ ቤት ይገባል?»

በሰፈራችን ልማዱ እንደዚያ ነው። ቃሬዛው ቤት አይገባም፣ ገመዱም አይገባም። ሰውየው ገመዱን ከመቃብሩ አጠገብ ካለው ዋንዛ ላይ አንጠለጠለውና ሄደ።

የዚያን ቀን ምሽት አባቴ ቆጮውን አልነካም። ሳሉ አጠረ፤ ጉልበት አጣ ማለት ነው። አክስቴ ከስዕለ አድኅኖው ፊት ተንበረከከች። እኔም ተንበረከክሁ። ነገ ዊልቸሮቹ ይጫናሉ። ልኩ ያለው የመቃብር ቦታ ነው።

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገብቼ አማተብኩ። ጉሙ ዛፎቹን ከወገባቸው በታች ውጧቸዋል፤ ከላይ ጉሬዛ አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ገመዱ ዋንዛው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ላወርደው አልደፈርኩም። ነጠላዬን አውልቄ ከጎኑ ዘረጋሁና ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ እየለካሁ ነጠላዬን ቋጠርኩ። ገመዱ ሲነካኝ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። የመጨረሻውን፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ያለውን ስለካ፣ ከኋላዬ ሳል ሰማሁ።

ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው እንደ ፉጨት የቀጠነ።

ዞርኩ። አዲሱ አፈር ብቻ ነበር። «እግዚአብሔር ሆይ፣ አትውሰድብኝ» አልኩና ሮጥኩ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ በቀለ የሚባሉ ጥሩ ሰው ነበሩ። በሩን ሲከፍቱ ዊልቸሮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተደርድረዋል። መቀመጫቸው መሃሉ ረግቧል፤ የሰው ቅርጽ አለበት።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የነጣው?»

«ጉሙ ነው ጋሼ። እግር ማሳረፊያው ከፍ የሚል ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

እንዲህ ያሉ ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር። አንዱ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ነጠላዬን ብዘረጋበት መቀመጫው ጠባብ ሆነ። ማሳረፊያውም ከፍ ሲል አብሮ አይረዝምም፤ የአባቴን ጉልበት ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ማሳረፊያው ግን ከፍ ሲል እግሩን እየተከተለ ይረዝማል፤ ባቱን የሚደግፍ ትራስም አለው። ነጠላዬን ዘረጋሁ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ልክ ጠርዙ ላይ አረፈ። ሁለተኛውም። ለሦስተኛው ማሳረፊያውን ላስተካክል ስል ማንም ሳይነካው ቀድሞውኑ በአባቴ ልክ ተቆልፎ ቆሟል፤ ግራው ብቻ፣ ከፍ ብሎ።

«ማን ነበር የተቀመጠበት?»

«ከባሕር ማዶ ነው የመጣው፣ ማን ያውቃል? ነፍስ ይማር ማለት ነው እንጂ።» ማሳረፊያውን ሊያወርዱ መቆለፊያውን ጫን ጫን አደረጉ። «ዝጓል። ግራው አይወርድም። አዲሱን ብትወስጂ አይሻልም?»

እጄን ከወንበሩ ላይ አነሣሁ። መቃብር የለካ ገመድ የሰጠኝ ልክ ነው። በዚያ ልክ የሚመጣ ነገር አባቴን ተቀምጦ የሚጠብቀው ለምን ይሆን? አዲሱን ገፋ አድርጌ አየሁት፤ ጠባብ ነው። ጠባቡ እንደሚጎዳው አውቃለሁ። የሚመጥነው ግን አስፈራኝ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩና አሮጌውን ያዝኩ።

ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ አንዴ ወንበሩን አየና «እህቴ፣ ማን ነው የሞተው?» አለኝ። «ማንም አልሞተም» ስለው ራሱን ነቅንቆ ሳይጭነኝ ነዳ። እየገፋሁ ሄድኩ። በጉሙ ውስጥ ባዶ ወንበር፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዳገቱ ላይ ወንበሩ ከበደኝ፤ ባዶ ወንበር እንዲያ አይከብድም። መዝሙረ ዳዊት እየደገምኩ ገፋሁት።

ቤት ስደርስ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወንበሩን አየች፣ ነጠላዬ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች አየች፣ ገባት። የጠበሉን ጠርሙስ አምጥታ ማሳረፊያውን፣ ትራሱን፣ ጎማውን ሳይቀር ረጨችው። ከዚያ አባቴን በብብቱ ያዝነው።

ተቀመጠ። የግራ እግሩ እዚያ ከፍ ያለው ማሳረፊያ ላይ ሲያርፍ የትም ቦታ ክፍተት አልነበረም። ወደ በሩ ገፋነው። በረጅሙ ተነፈሰ፣ ሳለ፣ ብዙ አክታ ወጣለት። ከዚያ ቆጮ ጠየቀ። አክስቴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማሁ።

እየበላ እያለ ቀና ብሎ አየኝ። «ጠዋት ለምን ቀሰቀስሽኝ?»

«እኔ?»

«ጎህ ሲቀድ እግሬ ሥር ሆነሽ እንደገና ስትለኪኝ። ከጉልበቴ እስከ ተረከዜ ገመዱን ስትጎትቺ ተሰማኝ። ብርቄ፣ እጅሽ በጣም ይቀዘቅዝ ነበር። ሳል ያዘኝና ስዞር የለሽም።»

አክስቴ ከጓዳው ብቅ ብላ አማተበች። የእግሩን ጣቶች አየሁ፤ ጥቁረታቸው እየለቀቀ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ አልኩ።

አባቴ በዚያ ወንበር ክረምቱን አሳለፈ። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ዛፍ ባይወጣም ማንኪራ ተመልሶ ቀፎውን ከታች ሆኖ ሲያስተዳድር ብዙ ዘመን ኖረ፤ ሠርጌን አየ፤ ዳዊትንም በክንዱ ታቀፈ። ወንበሩን ለሌላ ሕመምተኛ ሰጠነው። ግራው ማሳረፊያ የዚያን ቀን በቀላሉ ወረደ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዝናቡ አልቆመም። ተረከዜን አንድ እጅ ያዘው። ከጉልበቴ እስከ ተረከዜ አንድ ነገር በቀስታ ተዘረጋ።

«ዳዊት፣ እጅህ በረዶ ሆኗል» አልኩ።

«ምን አልሽ እማዬ?» ድምፁ ከወጥ ቤት ነው። «ገና እየበላሁ ነው!»

ዓይኔን ገለጥኩ። ሜትሩ አልጋው ጫፍ ላይ እንደነበረ ነው። ክፍሉ ውስጥ በስሱ ሰምና ጭስ ይሸት ነበር። በወጣትነቴ ሮጬ ነበር፤ አሁን አልፈራሁም። ያን ጠዋት እግዚአብሔር በማን እጅ እንደለካልን ዛሬም አላውቅም። ልኩን ግን አላጓደለብንም።

ዳዊት አፉን እየጠረገ ገባ። «እሺ፣ ደግፌ ላስቀምጥሽ።»

«ተወው ልጄ። እንደተኛሁ ለካኝ» አልኩትና እግሬን ዘረጋሁለት።