ጽጽቃ ኮምፒዩተር ላይ የቀረው

ጎረቤቶቿ «ምስራቅ ኮምፒዩተር ታያለች» ይላሉ፣ እንደ ቴሌቪዥን። ሥራዋን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ቃል ራሷም የላትም። ሰቆጣ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ የወረዳዎቹን ኮምፒዩተሮች በሩቁ የምትጠግን ሴት ናት። የኒሯቁ ሲታመም፣ የጽጽቃው አልከፈትም ሲል፣ መኪና ተለምኖ ነዳጅ ተለምኖ ሰው እስኪላክ ሥራው ይሞታል። ስለዚህ ትደውላለች። እዚያ ያለው ሰው የሪሞቱን ፕሮግራም ይከፍትና የወጣለትን ቁጥር በስልክ ያነብላታል። እሷ እዚህ ትጽፈዋለች፤ እሱ እዚያ ፍቀድ የሚለውን ይጫናል። ከዚያ በኋላ የጽጽቃው ኮምፒዩተር እሷ ፊት ነው፤ የጽጽቃው ሰው ደግሞ እጁን አጣምሮ ማውዙ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ያያል።

«ዛርሽ ገባበት» ይላታል ምስጋናው በስልክ። የጽጽቃው ጸሐፊ ነው፤ ቀልድ ካላወራ ምሳ የማይበላ ልጅ።

«ማውዙን ልቀቀው ብያለሁ።»

«ለቅቄዋለሁ፣ እትዬ። የምጠጣውን ውሃ እንኳ ሳነሳ አንቺን ፈቃድ ልጠይቅ ነው።»

ከምስጋናው በፊት በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ዓለምነህ ነበር፣ የምስራቅ ታናሽ ወንድም። ጦርነቱ አለፈ ሲባል ድርቁ መጣ፤ ድርቁ ቀለለ ሲባል ደመወዙ መቆራረጥ ጀመረ። አንድ ቀን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ ወጣ። በጅቡቲ በኩል ሳውዲ ሊገባ ነበር። ከወራት በኋላ ምስራቅ የማታውቀው ሰው በማታውቀው ቁጥር ደወለና «ወንድምሽ ባሕሩ ጋ ሳይደርስ በረሃው ላይ ቀርቷል፣ እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ዘጋ።

ይህን ለእናቷ ለወይዘሮ ጸሐይነሽ ነገረች።

«ሬሳውን ያየ አለ?»

«የለም፣ እማዬ።»

«እንግዲያ አልሞተም።»

ምስራቅ አልተከራከረችም። አላለቀሰችምም። የዋግ ሰው በእነዚያ ዓመታት ስልኩም መብራቱም መንገዱም ተቆርጦበት ስለኖረ፣ የሞት ወሬ የሚደርሰው ከርሞ፣ እንደ አሮጌ ቂጣ ደርቆ ነበር። ዛሬ የአክስት መርዶ፣ ነገ የጓደኛ፣ ሁሉም ጊዜው ያለፈበት። ሰው መጀመሪያ ላይ ያለቅሳል፤ ኋላ «መቼ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ መጠየቁንም ይተዋል። ምስራቅ መጨረሻው ላይ ደርሳ ነበር። ጠዋት ትነሳለች፣ ትሠራለች፣ ትመለሳለች። የዓለምነህን ስም ስትሰማ ደረቷ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ትጠብቃለች፤ አይንቀሳቀስም።

እናቲቱ ግን ፎቶውን ፈለገች። ከሳውዲና ከጅቡቲ ተይዘው የሚመለሱ ልጆች ሰቆጣ ሲገቡ እየዞረች «ይህን ልጅ አያችሁት?» ልትል። ፎቶ ደግሞ ቤት ውስጥ የለም። ቤቱ ሲዘረፍ አልበሙም ስልኳም ሄዷል። አንድ ተስፋ ብቻ ነበር፦ ዓለምነህ ስልኩ በሞላ ቁጥር ፎቶዎቹን የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ይገለብጥ እንደነበር ለምስራቅ ነግሯት ነበር። እሷም «አመጣዋለሁ» ስትል፣ ዛሬ መብራት የለም፣ ነገ ኔትወርክ የለም፣ ከነገ ወዲያ ሥራ በዝቷል ስትል ሰነበተች።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። አለቃዋ አቶ ትእዛዙ ሰበሰቧቸውና አዲስ ሲስተም ሊጫን ስለሆነ የወረዳዎቹ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፎርማት እንደሚደረጉ፣ ከዚያ በፊት ፋይሎቹ በሪሞት ወደ ሰቆጣ እንዲሻገሩ ተናገሩ።

«ጋሽ ትእዛዙ፣ የሠራተኛ የግል ፋይል ካለስ?» አለች ምስራቅ።

«የግል ነገር እኛን አይመለከትም። የመንግሥት ፋይል አንድ ቢጠፋ ግን ኮሚቴ ይቋቋማል።»

እውነታቸውን ነው። እዚህ አገር ፋይል ሲጠፋ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ተጠያቂ ይፈለጋል። ከየቀበሌው እየተነሳ በረሃ ለገባው ወጣት ግን አንድም ሰው ወንበር ስቦ አልተቀመጠም። አንድም።

የማሻገሪያው ቀን ጠዋት ምስጋናው ቁጥሩን አነበበ፣ ፍቀድን ተጫነ። ምስራቅ የፋይል ማስተላለፊያውን መስኮት ከፈተች፤ በግራ የሰቆጣው ኮምፒዩተር፣ በቀኝ የጽጽቃው። ከቀኙ እየመረጠች ወደ ግራው ትልካለች። አረንጓዴው መስመር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ኔትወርኩ ሲቆረጥ መስኮቱ ይጠቁርና ምስጋናው እንደገና ቁጥር ያነባል።

ቀኑ እያለቀ ሲሄድ የመንግሥት ፋይሉ ገና አላለቀም ነበር። እሷ ግን በመሃል መፈለጊያው ላይ «ዓለምነህ» ብላ ጻፈች። በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ሞከረች። የወጣው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፣ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ። የግል የሚመስሉ ፎልደሮችን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። የአንዱ ሠራተኛ የሠርግ ፎቶ አለ፤ መዝሙር አለ፤ የትምህርት ማስረጃ አለ። ከመካከላቸው «ወልደ ጻድቅ» የሚል አንድ ከባድ ፎልደር ነበር።

«ምስጋናው፣ ወልደ ጻድቅ ማነው?»

«እኔ እንጃ። ዲያቆን ይመስላል። እዚህ ኮምፒዩተር ላይ ያልጻፈ ዲያቆን የለም፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ሁሉ የሚታተመው እኛ ጋ ነው። ልጠይቅልሽ?»

ልትከፍተው ሞከረች። መስመሩ ቀጥ አለ። ፎልደሩ እስኪከፈት ቀኑ ሊመሽ ነው፤ ከተቆረጠ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው።

«ተወው» አለች። «የሰው ነው።»

ዘለለችውና የበጀት ዓመቱን ሪፖርት መላክ ቀጠለች። በማግስቱ ጽጽቃ ያለው ኮምፒዩተር ፎርማት ተደረገ። እናቷን «አላገኘሁትም» አለቻት። ወይዘሮ ጸሐይነሽ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ ለራሷ የሆነ ነገር አጉረመረመችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ከመኪና ተራ አውቶቡስ እየጠበቀች፣ ያለ ፎቶ፣ በአፏ ብቻ «ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ ሲስቅ አንድ ዓይኑን የሚጨፍን» እያለች ልትጠይቅ።

እንዲህ ስትጠይቅ ነው ተስፋው የሚባለውን ያገኘችው። ከጅቡቲ የተመለሰ፣ ፊቱ የተላጠ ልጅ። «ሲስቅ አንድ ዓይኑን» ስትለው አቀረቀረ። ቤት ድረስ አብሯት መጣና በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ወንበር ሲሰጡት እንቢ አለ።

«እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ እናቴ» አላት። «ውሃ አለቀብን። እሱ የእሱን ለአንዲት ሴት ሰጥቶ ነበር። በእጃችን ነው የቆፈርነው፤ አሸዋው እየተመለሰ አስቸገረን። ድንጋይ ጫንበት።»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ «ጥልቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«አቅማችንን ያህል።»

«ጅብ አለ?»

«እዚያ ጅብም የለም፣ እናቴ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ምስራቅን አባ ገብረ አምላክን እንድትጠራ ላከቻት። አባ የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው። መጥተው መስቀል አሳለሙና ተቀመጡ።

«ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለት፣ አባ» አለች እናቲቱ።

«ይደረጋል። እስካሁን ያልተደረገው እርስዎ እንቢ ስላሉ ነው፣ ወይዘሮ ጸሐይነሽ። በል ያሉኝ ዕለት ስሙን ጠርቼ እጸልያለሁ።»

«ይበሉ። ወልደ ጻድቅን ይጥሩልኝ።»

ምስራቅ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከዓለምነህ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች በሕፃንነት ሞተውባታል። መተት ነው ተባለች። መተተኛ ደግሞ የሚሠራው በክርስትና ስም ነው፤ የክርስትና ስምህንና የእናትህን ስም ካወቀ ጨርሶሃል ይባላል። ስለዚህ ዓለምነህ ክርስትና ሲነሳ የወጣለትን ስም እናቲቱና ቄሱ ብቻ ያዙት። ምስራቅ ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ ትላለች። ኋላም ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም፣ በዚያ ቤት የማይጠየቅ ነገር ነበርና። እሱ ግን ለሥጋ ወደሙ ሲቀርብ የሚጠራበትን ስሙን ያውቃል። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሁሉም እጅ ከሚገባበት ኮምፒዩተር ላይ የራሱን ነገር ሊደብቅ ሲፈልግ፣ ማንም ከማያውቀው ስም የተሻለ ቁልፍ ከየት ያመጣል?

በስም መተት ሠርቶ የገደለ ሰው እኔ አላየሁም፣ ያየ ካለም ይምጣና ይንገረኝ። ይህን ፍርሃት ለድሃ እናት እየሸጡ የኖሩትን ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ሲያልፉም ተነስተን እናሳልፋቸዋለን። ልጁን ከመተተኛ ደበቀችው፤ የደበቀችው ከእህቱ ሆነ።

ምስራቅ ውሃውን አስቀመጠች። መሥሪያ ቤት ሄዳ ምስጋናው ጋ ደወለች።

«ክፈትልኝ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ሊጠገን ነው?»

«ወልደ ጻድቅ ወንድሜ ነው።»

ምስጋናው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። ቁጥሩን ሲያነብላት ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

ፎርማት የተደረገ ዲስክ እንደታረሰ ማሳ ነው፤ ላዩ ይገለበጣል እንጂ የድሮው ዘር አንዳንዱ ከሥር ይቀራል። አዲስ ነገር በላዩ በተዘራ ቁጥር ግን እያለቀ ይሄዳል። ምስጋናው ደግሞ ሲዘራበት ሰንብቷል። ምስራቅ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም በሪሞቱ ላከችለትና አስነሳችው። ፕሮግራሙ ሲለቅም ከረመ። የሚመልሰው ነገር ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። እሷም በየቀኑ ከሥራ በኋላ ወደ ሰቆጣ እያሻገረች ትከፍታለች። እርዳታ ለመቀበል የተሰለፉ ሰዎች ፊት። ስብሰባ። አንድ የሞተ በሬ። የማታውቃቸው ልጆች። እንደገና ሰልፍ። የሰው ፊት ሲበዛ ፊት መሆኑ ይቀራል፤ ቀለም ይሆናል። ምስራቅ እየከፈተች ትዘጋለች።

በመጨረሻ እሱ ወጣ። ግንባሩ፣ ዓይኖቹ፣ አንዱ በሳቅ የተጨፈነ፣ አፍንጫው። ከላይኛው ከንፈሩ በታች ያለው ግራጫ ነው፤ ፋይሉ እዚያ ላይ ተበልቷል። ምስራቅ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እስኪንቀሳቀስ ጠበቀች። ምንም የለም። ፎቶውን በመሥሪያ ቤቱ ባለ ቀለም ማተሚያ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ አተመችው።

«አገጩስ?» አለች እናቷ።

«ጠፍቷል፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ግራጫውን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፣ አቧራ የሆነ ይመስል። «እንዴት ጠፋ?»

ምስራቅ አፏን ከፈተች። ስሙን ብትነግሪኝ ኖሮ ማለት ይቻል ነበር። ፎልደሩን ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ማለትም ይቻል ነበር።

«ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነው» አለች።

ልቅሶው እሑድ ሆነ። ሬሳ የሌለው ልቅሶ ላይ ፎቶውን የሚይዝ ሰው መሃል ይቆማል፤ ያዥዋ ምስራቅ ሆነች። አልቃሿ የሺመቤት ነጠላዋን አገልድማ፣ ድምጿን ከሆዷ አወጣችው፦

«ተከዜን በዋና የሚሻገር ልጅ፣
አሸዋ ዋጠው አሉ፣ ማን ይስጠው እጅ።»

ድንኳኑ ተናወጠ። የማያውቁት ሳይቀሩ ደረታቸውን መቱ። አቶ ትእዛዙም መጥተዋል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር፣ ኋላም ንፍሮውን በደንብ በልተዋል። አንዲት ጎረቤት ምስራቅን ከጎኗ ነካ አድርጋ፣ «አልቅሺ እንጂ፣ አንቺ ልጅ። ውስጥ ከቀረ ይገድላል» አለቻት።

«እሺ» አለች ምስራቅ። ክንዷ ዝሎ ነበር። ፎቶውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችው።

ሰው ሲቀንስ ስልኳ ጠራ። ፎቶውን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዞር ብላ ስልኩን አነሳች። ምስጋናው ነው። መንገድ አጥቶ ያልመጣ፣ በስልክ እግዜር ያጥናሽ ብሎ የተንተባተበ፣ ከዚያ በኋላም ያልዘጋ።

«እትዬ፣ ያ ፕሮግራም እየሠራ ነው። ገና ግማሽ ዲስክ ይቀረዋል ይላል። አዲሱን ሲስተም ሊጭኑ ነገ ይመጣሉ፣ ግን ከፈለግሽ ተበላሽቷል ብዬ አቆያቸዋለሁ። ምናልባት ሙሉው ፎቶ ሊኖር ይችላል። ልቀጥል ወይስ ላቁመው?»

ምስራቅ ወደ ድንኳኑ አየች። እናቷ ፎቶውን ከተቀመጠበት አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች፤ የጎደለውን ከታች በመዳፏ ሸፍና የቀረውን ታያለች። አሁን ታለቅሳለች፣ እንደማንኛውም ልጇ እንደሞተባት ሴት። ነገ ሌላ ፎቶ ብታመጣላት ይህን ከእጇ መውሰድ ሊኖርባት ነው።

«አቁመው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አቁመው፣ ምስጋናው። ሰው እየመጣ ነው፣ የእጅ ውሃ ላቅርብ።»