አማቴ፣ ክኒኑ እና አጥንት በሊታዎቹ

ኮንዶሚኒየም ተመዝግበን ዕጣ በምንጠብቅበት ዘመን፣ አቃቂ በሰቃ፣ ከአማቴ ጋር እሳቸው ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር የምንኖረው። ግድግዳው በየክረምቱ ይላጣል። አማቴም ከግድግዳው አይሻሉም፤ አንድ ቀን ሲያስነጥሱ የጎን አጥንታቸው ተሰነጠቀ።

ሐኪሙ ክኒን አዘዘላቸው፤ እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። ጥፋቱ የሐኪሙ ነው። «አጥንትዎን የሚበሉት ሴሎች ከደምዎ ወታደሮች ወገን ናቸው፤ ክኒኑ እነሱን ያደክማል» ብሎ አስረድቷቸው!

«የገዛ ወታደሬን መርዤ ጉንፋን ሲመጣ ማን ሊዋጋልኝ ነው?» አሉና ክኒኑን ፍራሻቸው ስር ወሸቁት።

ሌላ አጥንት ሳይሰበር ማሳመን ነበረብን። ልጄ ጤና ኮሌጅ ትማር ስለነበር መጽሐፏን ገልጣ ማስረዳት ጀመረች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ባልዘልም የእሷን መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ነበር የማነበው፤ አላስቻለኝም፣ ወሬውን ነጠቅኳት።

«እማማ፣ ጠዋት ፋብሪካ በር ላይ የሚሰለፉትን የቀን ሠራተኞች ያስታውሷቸው። መቅኒ ውስጥ የሚወለዱት ሴሎችም እንደዚያው ናቸው፣ ገና ሥራ አልተመደቡም። ብዙዎቹ ጥበቃ ይገባሉ። አንዳንዶቹን ግን አጥንት ሠሪው ሴል ራሱ ያስጠራቸዋል።»

«ሠሪ አፍራሽ ይጠራል? ምን ነክቶት?»

«ያረጀ ጭቃ ሳይፋቅ ይመረጋል እንዴ? መጀመሪያ እንዳይሞቱ ይቀልባቸዋል፣ ከዚያ ምልክት ይሰጣቸዋል። ያኔ እርስ በርስ ይዋሃዱና ብዙ አስኳል ያለው አንድ ግዙፍ በሊታ ይሆናሉ። በእርጅና ጥሪው ይበዛል፣ ፋቂው መራጊውን ይቀድመዋል። ክኒኑ አጥንት ላይ የተለጠፉትን ፋቂዎች ነው የሚይዘው፤ ጥበቃዎቹ በየቦታቸው ናቸው።»

«ብዙው እንዴት አንድ ይሆናል? ወሬኛ!»

ወሬኛ ስባል ደግሞ አልወድም። ጎረቤታችንን ከልብስ አጠባዋ ጠራኋትና ከልጄ ጋር ሦስታችን የአማቴን ጋቢ ተከናንበን ተጣበቅን። ጎረቤታችን ወፍራም ናት፤ እኔም ቀጭን አልባልም። ሦስት ራስ፣ ስድስት እግር፣ አንድ ጋቢ ሆነን እየተደናበርን ሄደን ግድግዳው ላይ ተለጠፍን።

«አሁን አጥንቱን የሚያሟሟ አሲድ እንተፋለን» አለች ልጄ ከመሃል።

«እኔ አልተፋም፣ ምሳዬን ገና አሁን ነው የበላሁት!» አለች ጎረቤታችን።

ልጄን ሳቅ ገደላት። ስትንፈራገጥ ጎረቤታችን እግሯን ሳተች፤ ሁላችንም በአንድ ላይ ግድግዳውን ገጨነው። አንድ ትልቅ ቁራጭ ጭቃ ከነጭዱ እላያችን ላይ ዘጭ! ማገሩ ታየ። በቀዳዳው አንዲት ዶሮ አንገቷን አስግጋ ታዘበችን።

«ኧረ ቤቴን በሉት!» ብለው ጮኹ አማቴ። ከዚያ ቀዳዳውን አዩ፣ ጎናቸውን ዳሰሱ።

«ይኼ ነው እንግዲህ እኔ ውስጥ ያለው?»

«ይኼው ነው፣ እማማ።»

«ከነጎረቤቴ?»

በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን በባዶ ሆዳቸው፣ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ዋጡት። ከዋጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት ክልክል ነው፤ ስለዚህ ወንበራቸውን ቀዳዳው ፊት አስቀምጠው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡና እኛን በሊታዎቹን ጭቃ ያስቦኩን ጀመር።

«ጭድ ጨምሪ! አንቺ ደግሞ ረግጠሽ አቡኪው!»

ግማሽ ሰዓቱ አለፈ፤ እሳቸው ግን ጭራሽ አልተነሱም።