በሂናው ሥር

ቡራዩ ታክሲ ተራ ድንች የምትቸረችረው ሴትዮ ዛሬ ጥፍሮቿን ሁሉ ሂና ተቀብታለች፤ ዒድ አልደረሰ፣ ሰርግ አልተጠራች። የሱቁ ሬዲዮ ፓርቲው የክልሉን ምርጫ ጠራርጎ ማሸነፉን ሲያወራ ዓይኗን ከሚዛኗ አልነቀለችም።

«ሰፈሩ ሁሉ ላይመርጥ ተማምሎ፣ ወላሂ ማን መርጦት ነው?» አለች መብሩካ፣ ባለፈው ክረምት ቀበሌው ቤቷን ያፈረሰባት ጎረቤቷ፣ ድንቹን እያገላበጠች።

«እንጃ፣ ኤኙቱ ቤካ!»

ይህን ስትል የምርጫ ጣቢያው ቀለም በሂናው ሥር የሚታይበትን የግራ አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ አጠፈች። በቀኟ ምርቃት ጨመረች፤ ደግሞ ጨመረች፤ ፌስታሉ ሊቀደድ ደረሰ።

«ውይ፣ ዛሬስ ምርቃትሽ በዛ!»

«ውሰጂ ባክሽ፣ ለልጆቹ ነው።»

መብሩካ ፌስታሉን አቅፋ መረቀቻት፤ «አላህ ቤትሽን አያፍርስብሽ!»

የመረጠችውም ይህንኑ ፈርታ ነበር፤ አሜን ማለት ግን አቃታት።