የናስር መንገድ ስንት ሊትር ይበላል

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሬ ከሳቢያን ስነሳ ሁለት ጉዳይ ይዤ ነበር። አንደኛው ወንድሜ ናስር ከመሞቱ በፊት የገዛውን ሩዝና ስኳር ገጠር ቢዮ አዋሌ ላለችው ደንበኛው ማድረስ ነው። ሁለተኛውን ለማንም አልተናገርኩም። የናስር መኪና ቢዮ አዋሌ ደርሳ ስትመለስ ስንት ሊትር ቤንዚን እንደምትበላ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ናስር ታላቅ ወንድሜ ነበር። «ነበር» ብዬ መጻፍ ገና አልለመድኩም። መኪናዋ አሮጌ ዲኤክስ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሱ ወደ ገጠር ዕቃ ያመላልስባታል፣ እኔ እሁድ እሁድ እናታችንን ዘመድ ቤት አደርስባታለሁ። እኔ ስነዳት ብዙ አትበላም። እሱ ሲነዳት ግን ቤንዚኑ ቶሎ ያልቃል። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ሒሳብም ይሆንልኝ ነበር። እኔ ከተማ ውስጥ የነዳሁትን ይዤ አካፈልኩና ለቢዮ አዋሌ ደርሶ መልስ አምስት ሊትር ይበቃል የሚል መልስ አገኘሁ። ናስር ዘጠኝ ይላል። ቤንዚን ከመኪና እየተቀዳ በውሃ ፕላስቲክ ለባጃጅ እንደሚሸጥ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እናታችን ፊት፣ «አራቱን ሊትር እየሸጥከው ነው» አልኩት።

አልጮኸም። ቁልፉን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠና፣ «አቦ፣ እንግዲያው አንተ ንዳት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን በሰው መኪና እያስጫነ መሄድ ጀመረ። አንድ ወር እንኳ አልቆየም፣ ትኩሳት ያዘው። በአስራ አንደኛው ቀን ቀበርነው። ስለ መኪናዋ ድጋሚ አልተነጋገርንም።

ማደያው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ሰልፉ መንገዱን ይዞ ዞሯል። ከፊቴ ያሉት ባጃጆች ሞተር አጥፍተው በእጅ እየገፉ ነው የሚጠጉት። እኔ ሁለት እርምጃ ለመጠጋት ሞተር አስነሳለሁ፣ መልሼ አጠፋለሁ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ዞር ብሎ፣ «ወሪያ፣ እዚሁ ሰልፉ ላይ ጨርሰኸው ልትሄድ ነው?» አለኝና ጓደኞቹ ሳቁ። ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ተራ ደረሰኝ። የነዳጅ ታንኩን አፉ ድረስ አስሞላሁ፤ ስመለስ እንደገና ሳስሞላ የሚገባው ሊትር መንገዱ የበላው ነው።

ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል

ጎሚስታው ጋሽ ተፈራ ናስርን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። ጎማዎቹን ነፍተው ሊያጠነክሩልኝ ሲሉ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ቢዮ አዋሌ አልኳቸው። እጃቸውን ከፓምፑ አነሱ። ናስር ሲሄድ እንደማያስነፋ፣ ሲመለስ ብቻ እንደሚያስነፋ ነገሩኝ። እኔ ግን ጎማ ሲላላ መኪና እንደሚከብድና ብዙ ነዳጅ እንደሚበላ ከሰው ሰምቼ ነበር። ልኬቱ ትክክል እንዲሆን በደንብ ይንፉልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ነፉልኝ። ከዚያ በላይ አልተከራከሩኝም።

አሸዋው፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል

ከአስፋልቱ ወጥቼ ጥቂት እንደሄድኩ ደረቁ ወንዝ አጋጠመኝ። መሃሉ ላይ ስደርስ መኪናዋ ቆመች። ቤንዚን ስሰጣት የኋላ ጎማዎቹ ባዶውን ይሽከረከራሉ፣ አሸዋውን እየቆፈሩ ይሰምጣሉ። ከመኪናው ውስጥ ሁለት ኩንታል አለ፣ ጣሪያዋ ፖርቶ መጋላ ላይ ደግሞ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች አሉ። ናስር ለደንበኛው ሁልጊዜ ውሃ ያደርስላት ስለነበር እኔም ጭኜ ነበር። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ያን ሁሉ ጊዜ ሞተሩ ይጮሃል፣ መንገዱ ግን አንድ ክንድ አልተገፋም።

እዚያው ወንዝ ውስጥ አሸዋ ገልባጭ መኪና ላይ ከሚጭኑት ሰዎች አንዱ አካፋውን ጥሎ መጣ። አህመድ ይባላል። «ወላሎ፣ ይቺ የናስር አይደለችም? እሱ የት ሄዶ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ኢና ሊላሂ» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በስንጥር የጎማውን ንፋስ ማስተንፈስ ያዘ።

ጎማው ካልላላ በዚህ አሸዋ ላይ አይሄድም አለኝ። ላስቲኩ ተዘርግቶ ነው የሚያልፈው። ከተሻገርኩ በኋላ የት እንደማስነፋ ጠየቅኩት። «ጎሚስታ ዳገቱ ላይ ይጠብቅሃል መሰለህ? በላላ ጎማ ትወጣለህ፣ በላላ ጎማ ትመለሳለህ። ቤንዚኑን ይጠጣዋል፣ ምን ታደርገዋለህ» አለኝ።

ከጓደኞቹ ጋር ገፍተው አሻገሩኝ። ዳገቱን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። ሦስተኛ ሳስገባ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ መልሼ አወርደዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሙቀቱ ስለጨመረ ቆምኩ። የነዳጁ መርፌ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። ሳቢያን ውስጥ ባዶ መኪና በአስፋልት ነድቼ ነው ለዚህ መንገድ ሒሳብ የሠራሁለት።

ቢዮ አዋሌ

የናስር ደንበኛ አዴ ሞሚና ትንሽ ሱቅ አላት። መርዶውን ሰምታ ነበር። ዕቃውን አስወርዳ ሩዝና የግመል ወተት አቀረበችልኝ። መብላት አቃተኝ። እሷ ግን እስክጎርስ ድረስ ከፊቴ አልተነሳችም።

ለመጨረሻ ጊዜ በሰው መኪና ሲመጣ የራሱን የት እንዳደረገ ጠይቃው ነበር። ለታናሼ ሰጠሁት አላት። ተጣላችሁ ወይ ስትለው ሳቀ። «‹ልጁ ሒሳብ ያውቃል፣ መንገዱን ነው ያላየው። አንድ ቀን ይዤው እመጣለሁ› አለኝ ወላሂ» አለች አዴ ሞሚና። «አንተ ነህ አይደል?»

አዎ አልኳት። ወተቱን ጨረስኩ።

መመለሻ፣ አስራ አንድ ሰዓት

ያው ማደያ ገብቼ እንደገና አፉ ድረስ አስሞላሁ። ቆጣሪው አምስት ሊትርን አለፈ። ሰባትን አለፈ። ዘጠኝ ላይ ደርሶ ትንሽ ጨመረና ቆመ። ከዘጠኝ በላይ ያለችው ትንሿ አሸዋው ውስጥ የለፋሁባት መሆን አለባት። ቀጂው ልጅ ከኋላዬ ያለው ሰው እየጠበቀ መሆኑን ነገረኝ። ከፍዬ ቁልፉን አዞርኩ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በቀላሉ ልጽፈው እችላለሁ። መኪና የሚበላው በጭነቱ፣ በጎማው፣ በዳገቱና በማርሹ ነው። የአንዱን መንገድ በሌላው መንገድ ማካፈል አይቻልም። ይህን ሁሉ ናስር አንድም መጽሐፍ ሳይገልጥ ያውቀው ነበር። አስረዳኝ ብዬው አላውቅም።

ቤት ስገባ እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«እማ፣ ናስር አልሸጠም። ዘጠኝ ሊትር ነው የሚበላው። ለክቼው መጣሁ።»

ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም።

«እኔማ አውቅ ነበር ልጄ» አለች። «ይሄን ለእሱ ነበር መንገር።»