ለሳቅ የተተወ ቦታ

የቤት ስሙ ቁንጫ ነው። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት፤ በልጅነቱ አንድ ቦታ አርፎ ስለማይቀመጥ። አድጎም አላረፈ። ቴሌቪዥን ጣቢያ ገብቶ የመዝናኛ ዝግጅት አቅራቢ ሲሆን እንኳ ወዲያ ወዲህ እያለ ነበር የሚያወራው። ካሜራ ያዡ "ይሄን ሰውዬ በገመድ እሰሩልኝ!" እያለ ያማርር ነበር።

ከካሜራው ጎን አንድ ሰው ይቆማል። ሥራው እጁን ማንሳት ነው። እጁን ሲያነሳ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይስቃል። ቁንጫም ቀልዱን ተናግሮ ዝም ይላል፣ ሳቁ እስኪያልፍለት። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖረ። እህቱ ግን ዝግጅቱን እያየች ልብስ ታጥፋለች እንጂ ፈገግም አትልም።

አንድ ቀን ያ ሰውዬ ታሞ ቀረ። ቁንጫ ቀልዱን ተናገረና እንደ ልማዱ ዝም አለ። አዳራሹም ዝም አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ፤ በቃ።

ከዚያ ወዲህ ራሱን ይጠይቅ ጀመር። እስከ ዛሬ ያሳቅኩት እኔ ነኝ ወይስ ያ እጅ? በመጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። "ወረቀት ላይ እጅ የሚያነሳ የለም፣ እዚያ ይለይልኛል" ብሎ የሚያስቅ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ። መቀመጥ ስለማይሆንለት ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ አድርጎ፣ ቆሞ ጻፈው። ሲጨርስ እህቱ ወደምትተይብበት ሱቅ ይዞት ሄደ። እሷ ከሳቀች ይቀጥላል። ካልሳቀች የአጎቱ መጋዘን ገብቶ ካርቶን ይደረድራል፤ ቆርጧል።

"እታለም፣ እስቲ እይልኝ።"

ጥቂት ገለጠችና "ይሄ ክፍት ክፍት ቦታ ምንድነው? ቀለም አለቀብህ?" አለችው።

"ለሳቅ የተተወ ነው።"

"የማን ሳቅ?"

"የአንባቢው ነዋ። እስኪስቅ ድረስ..."

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው። "አንተ ልጅ፣ ሰው ሳቁ ሲመጣለት ይስቃል። አንተ ወንበር ይዘህለት ትጠብቃለህ እንዴ? በል ውጣ፣ እየተንቆራጠጥክ አታስነብበኝም።"

ከሱቁ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ይመላለስ ጀመር። ከሱቁ አጠገብ ያለው ሰዓት ጠጋኝ "ኧረ ወለሉን ጨረስከው!" አለው። በመስታወቱ በር አጮልቆ ያያል። የመጀመሪያው ክፍት ቦታ ጋ ደረሰች፤ ዝም። ሁለተኛው ጋ፤ ዝም። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ።

"እጅህን አውርድ!" አለች ከውስጥ።

አወረደ። ላቡን ጠረገ። ጀርባውን እንዳዞረ አንድ ድምፅ ሰማ፤ እህቱ በአፍንጫዋ ጀምራ በሆዷ የጨረሰችው ሳቅ ነበር። ዘሎ ገባ።

"የቱ ጋ ነው? የቱ ጋ?"

"ሰውዬው አልጋ ላይ ሆኖ ሲናዘዝ።"

"እንዴ! እሱ እኮ የሚያሳዝነው ነው! ቦታም አልተውኩለት!"

"ምን ላድርግ ታዲያ? እሞታለሁ እያለ ጫማውን አላወለቀም፤ ምናልባት ከዳንኩ ብሎ!" ዓይኗን ጠረገች። "ቁርጥ አንተን!"

ይደሰት ይቆጣ ግራ ገባው። እርሳስ አንስቶ፣ ክፍት ቦታዎቹን በመስመር ይዘጋ ጀመር።

"ቁጭ ብለህ ሥራ፣ ወንበሩ አይነክስህም።"

"እሺ" አለ፤ ግን አልተቀመጠም። ገና ያልደረሰባቸውን ገጾች ሰጣት፤ "አንብቢ፣ አንብቢ" ብሎ ተመልሶ ወጣ።

ሰዓት ጠጋኙ ቀና አለ። "ደግሞ መጣህ?"

"እሽሽ!" አለው ቁንጫ፣ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ።