ጸጥ ያለው ወፍጮ

ሰፈሩ የሚያውቃት "ባለወፍጮዋ" በሚል ስም ነው። ወፍጮ ግን የላትም፤ ያላት ኮምፒውተር ነው። ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን እንደተሠሩ አድርጋ በኮምፒውተር የምትስል ሴት ናት። ኮንትራክተሩ የባዶ መሬት ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እሷ ባለመስታወት ፎቅ፣ መኪና የቆመበት ግቢ፣ ሰማዩን ሳይቀር ሠርታ ትሰጠዋለች። ታዲያ አንዱን ሥዕል አብስሎ ለማውጣት ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ሲሠራ ይግላል፤ ሲግል ውስጡ ያሉት ማራገቢያዎች አንድ ላይ ይነሡና ቤቱን ያደነቁሩታል። ስሙን ያወጣችለት የወንድሟ ሚስት ናት። "ዛሬም ወፍጮው ተነሣ" ስትል ጎረቤት ሰማ፣ ጎረቤት ሳቀ፣ ስሙም ከማሽኑ ወደ ሴትየዋ ዞሮ እዚያው ቀረ።

ቤቱ አባታቸው ለሁለት ልጆቹ ትቶት የሞተ ቤት ነው። ወንድምየው ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሰፊውን ወገን ይዟል፤ እሷ መንገድ ዳር ያለችውን አንዷን ክፍል። መሃላቸው ያለው ግድግዳ ችፑድ ነው፤ እንኳን ድምፅ የሽንኩርት ሽታ የማያስቀር። ማታ ማታ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ያ ግድግዳ ከወዲያ በኩል በቡጢ ይደበደባል። ቡጢው የማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። የማን ሊሆን ነው? የእሜቴ ነዋ። የወንድሟን ሚስት በልቧ የምትጠራት እንዲህ ነው፣ እሜቴ። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው። ጓሮ ሲተላለፉ አንዷ ባልዲዋን ታንጓጓለች፣ አንዷ ፊቷን ታዞራለች። ባለወፍጮዋም ብትሆን የዋህ አይደለችም። ሰው አላየኝም ብላ የእሜቴን ጫማ በእግሯ ገፍታ ዝናብ ላይ የጣለችበት ቀን አለ፤ ጫማው እስኪበሰብስም በመስኮት ስታየው ውላለች።

ወንድሟን ግን ትወደዋለች። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ አንደበቱ ለስላሳ፣ ባገኛት ቁጥር ራሷን ዳበስ የሚያደርጋት። እሱ ምን ያድርግ፣ ያቺ እባብ ናት የምታስተው ትላለች ለራሷ። እንዲህ ብሎ ማመን ይመቻል፤ ጥላቻን አንድ ሰው ላይ ጠቅልሎ መገላገል ነው።

በመጨረሻ ነገሩ አክስታቸው ዘንድ ደረሰ። ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ ቤተሰቤ ዕረፍት አጣ፣ ልጆቼ ማጥናት አቃታቸው፣ እኔማ እህቴን ምን በወጣኝ ልጠላት አለ። እሜቴ ከጎኑ ተቀምጣ ትንፍሽ አላለችም። ባለወፍጮዋ ይህንንም ተንኮል አለችው፤ ነገሩን ቤት ውስጥ አስጠንታው መጥታ አሁን ምን ትናገር። አክስት ለጭቅጭቅ ትዕግሥት የላቸውም። እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ማሽኑ ዝም ይላል፣ ወይ እሷ ድርሻዋን ከወንድሟ ተቀብላ ክፍሉን ትለቃለች ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ።

ክፍሉን ለቅቃ የት ትሄዳለች? የተወለደችው እዚያ ነው። ደንበኞቿ የሚያውቁት ያንን በር ነው። የእንጀራ ገመዷ እዚያችው ክፍል ውስጥ የታሰረ ነው። ደሟ ፈላ። ዝም ይበል አላችሁ? ዝም ይላል አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

ማራገቢያ የሚጮኸው ሙቀቱን በንፋስ ብቻ ላባርር ብሎ ሲታገል ነው። መኪና ሞተሩን በውሃ ያበርዳል፤ ኮምፒውተርም ይችላል። የሚግሉት ቺፖች ላይ ውሃ በውስጡ የሚያልፍ የመዳብ ሳህን ይታሰራል፣ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን በቱቦ ወደ ራዲያተር ይገፋል፣ ውሃው እዚያ በርዶ ይመለሳል። ሳህኖቹን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው አገኘች። ራዲያተሩን ግን ወንድሟ ራሱ ከሱቁ አመጣላት፤ ለመኪና ማሞቂያ የምትሆን ትንሽ ራዲያተር፣ አዲስ፣ ከነካርቶኗ። ይቺ ከኔ ናት ብሎ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያስቀምጥላት እንባዋ መጣ።

ችግሩ ራዲያተሯ አሉሚኒየም ናት። አሉሚኒየምና መዳብ አንድ ውሃ ከጠጡ ይበላላሉ፤ ውለው አድረው አንዱ ይበሳና ውሃው ኮምፒውተሩ ላይ ይፈስሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቆርቆሮህን ውሰድልኝ ባለችው ነበር። ወንድሟ እንዳይከፋው ብላ ግን ራዲያተሯን አልጋ ሥር ደበቀቻትና አሮጌ ብረት ከሚሰበስቡ ሰዎች የመዳብ ራዲያተር ለምና፣ ተከራክራ፣ ተሰድባም አመጣች።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። የማሽኑን ሳጥን ስትበሳ ግድግዳው ተደበደበ፤ እሷም በመዶሻ እጀታ መልሳ ደበደበችው። ቱቦዎቹን ቆርጣ በማጥበቂያ ቀለበት አሰረች። የቧንቧ ውሃ ስለሚያሻግት ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ሞላችበት። ሌላውን ሁሉ አጥፍታ ፓምፑን ብቻ አስነሣችና መጋጠሚያዎቹን በሶፍት ጠቀለለች፤ ሶፍቱ ከረጠበ ይፈስሳል ማለት ነው። ረጠበ። ሰደበችው፣ ፈታችው፣ አጠበቀችው። ደግሞ ረጠበ። ቱቦውን ከነቀለበቱ ወርውራ፣ ሄዳ ከጥግ አንሥታ፣ ጫፉን ቀጥ አድርጋ እንደገና ቆርጣ አሰረችው፤ ያን ጊዜ ደረቅ ሆነ። ውስጡ የቀረው አየር አላስቀምጥ ብሎ ሲንቆረቆር ሳጥኑን አቅፋ ወዲህ ወዲያ እያዘመመች አስገሳችው። ፓምፑ ጠረጴዛውን እየነዘረ ሲያዜም ከገዛ ፍራሿ ጥግ ስፖንጅ ቆርጣ ከሥሩ አነጠፈችለት። ከማራገቢያዎቹም አንድ ትልቅና ዝግተኛ ብቻ አስቀርታ ሌሎቹን አስወገደች።

እሑድ ከሰዓት፣ የወንድሟ ልጆች ኳስ ሊጫወቱ እንደወጡ፣ ካላት ሥዕል ሁሉ ከባዱን ጫነችበት። ማሽኑ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፤ ድምፅ ግን የለም። ራዲያተሩን በእጇ ነካችው፣ ሞቋል። ጆሮዋን ለጠፈችበት፣ ምንም። ብቻዋን ሳቀች። እስቲ አሁን ምን ትያለሽ እሜቴ፣ አለች በልቧ።

ያን ጊዜ ነው ከወዲያ በኩል የወንበር ድምፅ የሰማችው። ቀጥሎ ሳህን። ቀጥሎ ሰው።

"ዛሬ አልጮኸም" አለች እሜቴ።

"እሱ ነው የገደለኝ" አለ ወንድምየው። ያ ለስላሳ አንደበት አልነበረም። "አሁን ለአክስቴ ምን ብዬ ላስወጣት? ክፍሉን ለመጋዘን ብዬ አናጢ ሁሉ አነጋግሬ።"

"ተዋት። የት ትሂድልህ?"

"የትም ትሂድ።"

"ግድግዳውን የምትደበድበው አንተ፣ እሷ የምትጠላው እኔን" አለች እሜቴ። "እኔ ድምፁን ከለመድኩት ቆየሁ። ልጆቹም ለምደውታል። በኛ ስም ማባረሩን ተው።"

እሱም አንቺ ዝም በይ፣ ዝም ማለቱን ታውቂበታለሽ አላት።

ባለወፍጮዋ እጇ ራዲያተሩ ላይ እንዳለ ረስታው ኖሮ ሲፋጃት ነው ያነሣችው። አለቀሰች፤ ያውም አፏን በእጇ ይዛ፣ ምክንያቱም አሁን የእሷም ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማል። ወንድሜ የምትለው ሰው ሞቶ መርዶው በችፑድ በኩል የተነገራት መሰላት። እሜቴን ደግሞ ወዲያው ወደደቻት እንዳይመስላችሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ሳትተነፍስ በባሏ ፈንታ ተጠልታ መኖሯ አንጀቷን አሳረራት። ብትነግረኝ ኖሮ አላምናትም ነበር የሚለው ሐሳብ ሲመጣባት ደግሞ የባሰ ተናደደች።

በማግሥቱ ወንድምየው በፈገግታ መጣ። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ አስጠግቶ አዳመጠ፣ ተገረመ፣ እጅሽ ይባረክ አለ፣ ራሷን ዳበስ አደረጋት። እጁን ሳያነሣም ንግግሩን ቀጠለ። ግን እህት ዓለም፣ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ሳጥን ውስጥ እንዴት ይሆናል፣ ልጆች አሉብኝ፣ ቤቱ ቢቃጠልስ፣ ይኼን ለአክስቴ ሳልነግር ብቀር ኃጢአት ነው አለ።

እጁን ከራሷ ላይ አነሣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

"ወንድም ጋሼ" አለችው፣ "ይኼን ትናንት አላሰብከውም። ትናንት ምክንያት አጥተህ ነበር።"

ሰውየው ግድግዳውን አየ።

"ይሰማሻል?" አላት።

"ማሽኑ ሲጮኽ ይሸፍንልህ ነበር። ከእንግዲህ ሁሉንም እሰማለሁ። አክስቴ ጋ ሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ፤ መጋዘኑንም አናጢውንም እነግራቸዋለሁ።"

አክስታቸው ጋ መሄዱን ተወው። ካርቶኗን ከአልጋ ሥር ስባ ሰጠችው፤ ምን እንደሆነች እንኳ ሳያይ ይዟት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚጮኸው የወንድምየው ቴሌቪዥን ነው። ለሚስቱ አንዳች ነገር ሊላት ሲያስብ መጀመሪያ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ጎረቤት ያማርራል፣ ልጆቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ እሱ ፍንክች የለም። ባለወፍጮዋ ክፍሏን አልለቀቀችም፣ ሥዕሏንም ትሠራለች፣ ወንድሟንም ሲያልፍ አታየውም። እሱ ሱቅ ሲሄድ እሜቴ ቴሌቪዥኑን ታጠፋዋለች። ሁለቱ ሴቶች ዛሬም አይነጋገሩም። ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ግን አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከግድግዳው ወዲያ "ይማርሽ" ትላለች፤ ደረቅ ያለች፣ በግድ የወጣች ይማርሽ ናት።